የሠርቶ አደር ቤተሰብ ፊልሞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሶሻል ሪያሊዝም ስለሚባሉት ፊልሞች ባወራሁ ቁጥር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሶሻል ሪያሊዝም ምን ዓይነት ፊልም ነው?

ደመወዝና ወጪ ያልተገናኙበት ቤት ፊልም ነው። ዋናው ሰው ሰላይ ወይም ንጉሥ አይደለም። ዕቃ አድራሽ ነው፣ አናጢ ነው፣ ፋብሪካ የምትሠራ እናት ናት። ጠላቱም ሽጉጥ የያዘ ሰው አይደለም። የኪራይ ቀን ነው፤ የተበላሸ መኪና ነው፤ «ነገ ተመለስ» የሚል ቢሮ ነው።

እኔ አንድ ፊልም ከዚህ ወገን መሆኑን የምለየው በሒሳቡ ነው። በተራ ድራማ ሰው «ተቸገርኩ» ይላል እንጂ ስንት እንደጎደለው አይነግረንም። እዚህ ግን ቁጥሩ ይታወቃል። የቤልጂየሞቹ ወንድማማቾች ዣን ፒየርና ሉክ ዳርደን በ2014 ያወጡት «ሁለት ቀን፣ አንድ ሌሊት» የቆመው በአንድ ቁጥር ላይ ነው፦ 1,000 ዩሮ። አለቃው ሠራተኞቹን ያስመርጣል። ወይ ሳንድራ ትሰናበትና እያንዳንዳችሁ 1,000 ዩሮ ቦነስ ትወስዳላችሁ፣ ወይ እሷ ትቀጥልና ቦነሱ ይቀራል። ሳንድራ ቅዳሜና እሑድን የባልደረቦቿን በር ስታንኳኳ ታሳልፋለች። በየበሩ ጨካኝ ሰው ትጠብቃላችሁ፤ የምታገኙት ግን ሌላ ችግረኛ ነው። ለአንዱ ያ ብር የዓመት ጋዝና መብራት ነው።

«ሶሻሊስት ሪያሊዝም» ከሚባለው ጋር አንድ ነው?

አይደለም። በደርግ ዘመን ያደገ ሰው ሁለቱን ቢያምታታ ግን አይፈረድበትም። ሶሻሊስት ሪያሊዝም በ1934 በሶቪየት ደራስያን ጉባኤ ላይ የታወጀ የመንግሥት መመሪያ ነበር። እዚያ ወዛደሩ ደረቱን ነፍቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ሩቅ ሩቅ ያያል። ያንን ፖስተር እኛም በየአደባባዩ አይተነዋል።

ሶሻል ሪያሊዝም ውስጥ ያለው ሠራተኛ ሩቅ ለማየት ጊዜ የለውም። ደክሞታል። ከሚስቱ ጋር ተኳርፏል። አብዛኞቹ ዳይሬክተሮች ግራ ዘመም መሆናቸው እውነት ነው፤ እንግሊዛዊው ኬን ሎች ለምሳሌ ደብቆትም አያውቅ። ገጸ ባሕርይው በድንገት እንደ ጋዜጣ ርእሰ አንቀጽ መናገር ሲጀምር ፊልሙ እንደሚደክም ግን ማንም ተመልካች ያውቀዋል። ሎችም አንዳንዴ ከዚህ ስሕተት አያመልጥም።

ከየት ተጀመረ?

አንድ ፊልም ብቻ ጥቀስ ካላችሁኝ፣ በ1948 ቪቶሪዮ ደ ሲካ ሮም ላይ የሠራው «የብስክሌት ሌቦች» ነው። ጦርነቱ ካለቀ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። ሥራ የለም። አንቶኒዮ ሪቺ የሚባል አባወራ ከብዙ ጥበቃ በኋላ የፊልም ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ለሥራው ብስክሌት ያስፈልጋል። ብስክሌቱ ደግሞ ዕቃ ይዞ ገንዘብ የሚያበድር መያዣ ቤት ነው ያለው።

ሚስቱ ማሪያ ብዙም አታወራም። የአልጋውን አንሶላ ትገፍና ጠቅልላ መያዣ ቤት ትወስደዋለች። ትንሽ ተከራክራ ታስጨምራለች። ከዚያ ነው ያ ትዕይንት የሚመጣው። የመያዣ ቤቱ ሠራተኛ የእነሱን ጥቅል ይዞ መደርደሪያው ላይ ይወጣል። ይወጣል፣ ይወጣል፣ አሁንም ይወጣል። መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ድረስ የሰው አንሶላ ነው። ስንት ቤተሰብ ያለ አንሶላ እንደሚተኛ ማንም አልተናገረም፤ ካሜራው ቀና አለ፣ በቃ።

ብስክሌቱ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቃል። አባትና ትንሹ ልጅ ብሩኖ ፍለጋ ይወጣሉ። መሐል ላይ ተስፋ የቆረጠው አባት ልጁን ምግብ ቤት ያስገባውና እዚያው ጠረጴዛ ላይ ወረቀትና እርሳስ ሰጥቶ ደመወዙን ያስደምረዋል። የወሩን፣ የትርፍ ሰዓቱን፣ የቤተሰብ አበሉን። ያጡትን እንጀራ ልጅ በእጁ ይጽፈዋል። ስለ ሒሳብ ያልኳችሁ እዚህ ጋ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ታሪኮቹ እውነተኛ ናቸው?

ሰዎቹ የተፈጠሩ ናቸው፤ የሥራው ዝርዝር ግን እውነት ነው። ኬን ሎችና የፊልም ጸሐፊው ፖል ላቨርቲ በ2019 «ሶሪ ዊ ሚስድ ዩ» የተባለውን ሲሠሩ፣ ላቨርቲ መጀመሪያ ከዕቃ አድራሽ ሾፌሮች ጋር ቫን ውስጥ ተቀምጦ አብሯቸው ዞሯል። ፊልሙ ውስጥ ሪኪ የሚባለው አባት ኒውካስል ከተማ ውስጥ ዕቃ ያድላል። በእጁ የሚይዛት ማሽን አለች፤ ከመኪናው ሁለት ደቂቃ ከራቀ ትጮኻለች። ሽንት ቤት የሚሄድበት ጊዜ ስለሌለው አንድ ባልደረባው የፕላስቲክ ጠርሙስ ይሰጠዋል። ሪኪ እንደ ቀልድ ቆጥሮት ይስቃል። ቀልድ አልነበረም።

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያውኑ «ቅጥር» የሚለውን ቃል አይጠራም። ሪኪ የራሱ አለቃ ነው፤ ከድርጅቱ «ጋር» ነው የሚሠራው። በአፕ የምትሠሩ ሾፌሮች ይህን ንግግር ታውቁታላችሁ። ቫኑን ለመግዛት ቅድመ ክፍያ ስላስፈለገ የሚስቱ መኪና ይሸጣል። እሷ አዛውንቶችን ቤት ለቤት እየዞረች የምትጦር ናት፤ ከዚያ በኋላ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በአውቶቡስ ነው። ቤተሰቡ የሚፈርሰው በዚህች ሽያጭ ነው ብል አላጋነንኩም።

ተዋናዮቹ እውነት ሠራተኞች ናቸው?

ብዙ ጊዜ አዎ። የ«ብስክሌት ሌቦች»ን አባት የሠራው ላምቤርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ፊልሙን በገንዘብ ሊደግፍ የነበረ የሆሊውድ ፕሮዲዩሰር ኬሪ ግራንት ይሥራው ብሎ እንደነበር ደ ሲካ ተናግሯል። ኬሪ ግራንት ብስክሌት ጠፋብኝ ብሎ ሲያለቅስ ማን ያምነዋል? የሪኪን ሚና የሠራው ክሪስ ሂችን ለዓመታት ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ሚስቱን ሆና የሠራችው ዴቢ ሃኒውድ ትምህርት ቤት ውስጥ ረዳት ነበረች። በ2016 «አይ ዳንኤል ብሌክ» ላይ አናጢውን የሠራው ዴቭ ጆንስ ኮሜዲያን ነው።

ሁሌም ግን አይደለም። «ሁለት ቀን፣ አንድ ሌሊት» ላይ ሳንድራን የሠራችው የኦስካር ተሸላሚዋ ማሪዮን ኮቲያር ናት። የደ ሲካ «ኡምቤርቶ ዲ» ላይ ጡረታው ያልበቃውን ሽማግሌ የሠሩት ሰውዬ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ጥናት ፕሮፌሰር ነበሩ። ቁም ነገሩ ሰውዬው ዕቃውን ሲይዝ የለመደ እጅ መምሰሉ ነው።

ሙዚቃው የት ሄደ? ካሜራውስ ለምን ይንቀጠቀጣል?

ሙዚቃ መቼ ማልቀስ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል፤ ከእነዚህ ዳይሬክተሮች ብዙዎቹ ደግሞ ያንን መናገር አይፈልጉም። ካሜራው ግን በሁሉም ዘንድ አይንቀጠቀጥም። የዳርደን ወንድማማቾች «ሮዜታ» (1999) ላይ ካሜራው ሥራ ከምትፈልገው ልጅ ማጅራት አይለይም። ስትሮጥ ይሮጣል። ፊቷን ለማየት ትጓጓላችሁ፤ እሷ ግን ዞር ለማለት ጊዜ የላትም። የመጀመሪያዋ ሃያ ደቂቃ ራስ ምታት ሊያስይዛችሁ ይችላል። እኔን ይዞኛል።

ሎች ተቃራኒው ነው። ካሜራውን ራቅ አድርጎ፣ እንደ ጎረቤት ከማዶ ያያል። ፊልሙን የሚቀርጸው ከመጀመሪያው ትዕይንት ወደ መጨረሻው በቅደም ተከተል ነው፤ ተዋናዮቹም ነገ የሚደርስባቸውን አያውቁም። ስለዚህ ድንጋጤው ድንጋጤ ነው።

የራሴን ኑሮ ለማየት ለምን ትኬት እገዛለሁ?

ይህን ጥያቄ በብዛት የሚጠይቁኝ ዘመዶቼ ናቸው። አክስቴ «ይህንንማ በነፃ አየዋለሁ» ትላለች። ትክክል ናት፤ ቀኑን ሙሉ ታክሲ ተሰልፎ የዋለ ሰው ማታ መሳቅ ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል?

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እነዚህ ፊልሞች ያስቃሉ። የሎች «ሬይኒንግ ስቶንስ» (1993) የሚጀምረው ሥራ የፈቱ ሁለት ጓደኛሞች በግ ሲሰርቁ ነው። በጉን ይዘው ማረድ ያቅታቸዋል። አንዱ ሌላውን «አንተ እረደው» እያለ ይነታረካሉ። በመጨረሻ ወደ ሥጋ ሻጭ ሲወስዱት እንኳ እርጅናውን አይቶ ያጣጥልባቸዋል። የኛ ሰው አይቶት «ለፋሲካ ብትጠሩን ኖሮ!» ሳይል አያልፍም። በ1969 የወጣው የራሱ የሎች «ኬስ» ላይ ደግሞ የስፖርት መምህሩ ከሕፃናት ጋር ኳስ ሲጫወት ራሱን የማንችስተሩ ቦቢ ቻርልተን አድርጎ፣ ራሱ ዳኛ ሆኖ፣ ለራሱ ፍጹም ቅጣት ምት ይሰጣል። እንዲህ ዓይነት አስተማሪ ያላጋጠመው ማን አለ?

ወደ በጉ ሰውዬ ልመለስ። ቦብ የሚሰርቀው ለሆዱ አይደለም። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትቆርብ ነው፤ ነጭ ቀሚስ ያስፈልጋታል። ቄሱ ራሳቸው አዲስ መሆን የለበትም ይሉታል። እሱ ግን አሻፈረኝ ይላል፤ ልጄ የሌላ ሰው ልብስ አትለብስም። ተበድሮ ይገዛል። ለበዓል የልጅ ልብስ ለመግዛት የተበደረ ወላጅ ይህን ሰው ሞኝ አይለውም። ብልህም አይለውም። የማየቱ ጥቅም እዚህ ጋ ነው፤ ጎረቤት ሲያደርገው የምናማውን ነገር፣ እዚህ ቁጭ ብለን ምክንያቱን እስከ መጨረሻው እንሰማለን።

ከየትኛው ልጀምር?

በ«ሬይኒንግ ስቶንስ» ጀምሩ፤ ሳቅ ስላለው። ቀጥሎ «የብስክሌት ሌቦች»ን እዩ፤ ከ90 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። «ሮዜታ»ን ለኋላ አቆዩት። «ሶሪ ዊ ሚስድ ዩ»ን እሑድ ማታ አትክፈቱት፤ ሰኞ ሥራ ለመግባት ትቸገራላችሁ።

የኢትዮጵያ ሰው እጅ አለበት?

አለበት፣ ያውም ከባድ እጅ። በጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ በ1967 አሜሪካ ሄዶ፣ በኋላ ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማረ። በዚያ ዘመን እዚያ የነበሩ ጥቁር ተማሪዎች ሆሊውድ የማያውቀውን የራሳቸውን ሰፈር መቅረጽ ጀምረው ነበር። የኃይሌ «ቡሽ ማማ» ዋትስ በሚባለው ሰፈር ስለምትኖር ዶሮቲ ነው። ባሏ እስር ቤት ነው፤ እሷ የመንግሥት ድጎማ ቢሮ ወረፋ ላይ ናት። መግቢያው ላይ ፖሊስ ጥቁሮችን አስቁሞ ሲፈትሽ ይታያል። ያ ትወና አይደለም። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ የቀረጻ ቡድኑን ራሱን ሲያስቆም ካሜራው እየሠራ ነበር።

የ«ቡሽ ማማ» ካሜራ ላይ ከነበሩት አንዱ ቻርልስ በርኔት ነው። እሱ ቅዳሜና እሑድ እየጠበቀ፣ ከ10,000 ዶላር ባነሰ ወጪ የመመረቂያ ሥራውን «ኪለር ኦፍ ሺፕ»ን ሠራ። ስታን የሚባል የበግ ቄራ ሠራተኛ አለ። ከጓደኛው ጋር ሆኖ ያገለገለ የመኪና ሞተር ይገዛል። በደረጃ እያለከለኩ ያወርዱትና የፒክአፑ ጫፍ ላይ ያስቀምጡታል። ወደ ውስጥ ግፋው ሲባል ጓደኛው ጣቴን ተመታሁ፣ በቃ ይበቃል ይላል። መኪናው ዳገቱ ላይ እንደተነሳ ሞተሩ ዷ ብሎ ይወድቅና ይሰነጠቃል። ሁለቱ ወርደው ያዩታል። ትተውት ይሄዳሉ። ገንዘቡ አስፋልት ላይ ቀረ። ፊልሙ ራሱም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል፤ የዘፈኖቹ መብት ስላልተከፈለ እስከ 2007 ድረስ በወጉ ሲኒማ ቤት አልገባም።

ኃይሌ በ1974 የንጉሡ ሥርዓት ሲናጋ አገር ቤት መጥቶ በሁለት ሳምንት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጸ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ተዋናዮቹ ገበሬዎች ናቸው። ባላባቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከሩቅ ሲሳደብ፣ ያ ቤተሰብ ከሞፈሩ ቀና አይልም። ከተማና ፋብሪካ ስለሌለው «የሠርቶ አደር» ፊልም ላትሉት ትችላላችሁ። እኔ ግን እዚሁ እቆጥረዋለሁ። ዋሽንግተን ያላችሁ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ጆርጂያ ጎዳና ላይ ያለው ሳንኮፋ መጻሕፍት ቤት የኃይሌና የባለቤቱ የሺሪኪያና አይና ነው።

የሊባኖሱ ፊልም ላይ ያለችው ልጅ እውነት የኛ ልጅ ናት?

የናዲን ላባኪ «ቅፍርናሆም» (2018) ነው የምትሉት። ቤሩት ውስጥ ያለ ወረቀት የምትኖረውን ኢትዮጵያዊት ራሔልን የሠራችው ዮርዳኖስ ሽፈራው ናት። ሐሰተኛው መታወቂያዋ ላይ ስሟ «ትዕግሥት» ነው፤ ስም ያወጣላት ሐሰተኛውን ወረቀት የሠራው ሰው ይሁን ሌላ፣ እኛ ስናየው ግን ቀልዱ ይገባናል። ራሔል ሕፃን ልጇን ሥራ ቦታ ደብቃ ታሳድጋለች፤ ለአዲስ ወረቀት የሚጠየቀውን ብር ሳንቲም በሳንቲም ትለቅማለች። አረብ አገር እኅት ያለችው ሰው ይህን ሒሳብ በቃሉ ያውቀዋል።

ዮርዳኖስ ራሷ ወረቀት አልነበራትም። ፊልሙ ላይ ራሔል የምትያዝበት ትዕይንት በተቀረጸ ሰሞን፣ እሷም በእውን ተይዛ ታስራለች፤ የወጣችው ዳይሬክተሯ ዋስ ሆና ነው። ዋናውን ልጅ የሠራው ዘይን አል ራፊአ የሶርያ ስደተኛ ነበር። አሁንስ? ለሚሉ፦ በዚያው ዓመት ከቤተሰቡ ጋር ኖርዌይ ገብቷል።

መጨረሻቸው ለምን ይንጠለጠላል?

መጨረሻ ማወቅ የማትፈልጉ ይህን ዝለሉት። ሪኪ ሥራ ላይ ተደብድቦ፣ ቆሳስሎ፣ አንድ ዓይኑ አብጦ ሊነጋጋ ሲል ቫኑን ያስነሳል። ሚስቱና ልጆቹ መኪናው ፊት ቆመው ይለምኑታል። አልፏቸው ይነዳል። እያለቀሰ ይነዳል። ጨለማ። አለቀ። «ከዚያስ?» ብላችሁ የምትጮኹ ከሆነ አልተሳሳታችሁም። ዕዳው አለ፤ የቫኑ ክፍያ አለ፤ የሰበሩበት ማሽን ቅጣት አለ። ዳይሬክተሩ አንድ ሀብታም አጎት አምጥቶ ይህን ቢከፍል፣ እስካሁን ያየነው ሁሉ ውሸት ይሆናል።

የፊልሙ ስም ዕቃ አድራሾች ቤት ሰው ሲያጡ በር ላይ የሚተዉት ካርድ ነው። ወደ አማርኛ ስመልሰው «ይቅርታ፣ አጣናችሁ» ይሆናል። የኛው ቃል ከእንግሊዝኛው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። መጥተን አላገኘናችሁም ማለትም ነው፤ ከእጃችን ወጣችሁ ማለትም ነው። ሪኪ ያንን ካርድ በየበሩ እየተወ ሲዞር ያጣው የራሱን ቤት ነው።

ፊልም ለውጥ አምጥቶ ያውቃል?

ሁለት ምሳሌ ሁሌ ይጠቀሳል፤ ሁለቱም ትንሽ ተጋንኗል። የሎች «ካቲ ኮም ሆም» ኅዳር 1966 በቢቢሲ ሲተላለፍ ወደ 12 ሚሊዮን ሰው አየው። ቤት አጥተው ልጆቿን ባቡር ጣቢያ ላይ የተነጠቀች እናት ታሪክ ነው። በሳምንታት ውስጥ ሼልተር የሚባለው የቤት አልባዎች ድርጅት ተመሠረተ። ድርጅቱ ግን ቀድሞም እየተዘጋጀ ነበር፤ ፊልሙ ያመጣው ሕዝቡን ነው። ቤልጂየም ውስጥም ለወጣቶች ሥራ የወጣው ሕግ «የሮዜታ ዕቅድ» ይባላል። እሱም ፊልሙ በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ዋናውን ሽልማት ወርቃማውን ዘንባባ ሲያገኝ ረቂቁ ቀድሞ ነበር፤ ስሙን ነው የወሰደው።

ስም መስጠት ግን ቀላል ነገር አይደለም። «አይ ዳንኤል ብሌክ» ላይ የሁለት ልጆች እናት ኬቲ ነፃ ምግብ የሚታደልበት ቦታ ትሄዳለች። ቀናት አልበላችም፤ ያለውን ለልጆቿ ነው የምትሰጠው። ከመደርደሪያው ሥር የታሸገ ባቄላ ትከፍትና እዚያው ቆማ በእጇ ትጎርሳለች። ከዚያ ያፈረችው ማፈር! ከዚያ ፊልም በኋላ የእንግሊዝ ፓርላማ ውስጥ የድጎማ ክርክር ሲነሣ የዳንኤል ብሌክ ስም አብሮ ይነሣ ነበር።

ይህ ድህነትን መሸጥ አይደለም?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1952 የጣልያን መንግሥት የፊልም ጉዳይ ኃላፊ የነበረው፣ ኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ጁሊዮ አንድሬዮቲ፣ በ«ኡምቤርቶ ዲ» ተቆጥቶ ደ ሲካን በአደባባይ ወቀሰው። በኛ ቋንቋ «ገመናችንን ለባዕድ አወጣህ» ነው ነገሩ። ካን ላይ ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሰዎች ለረሃብተኛ እናት ቆመው ሲያጨበጭቡ ማየትም ደስ አይልም፤ አልደብቅም።

እኔ የምለካው በአንድ ነገር ነው፦ ድሃው ጥፋት መሥራት ይፈቀድለታል? ሮዜታ ጓደኛዋን ለአለቃው አሳልፋ ሰጥታ ሥራውን ትወስዳለች። አንቶኒዮ መጨረሻ ላይ ራሱ ብስክሌት ይሰርቃል፣ ያውም ልጁ እያየው። ይህ ሰው ነው፤ ምስኪን አይደለም። አሁን አሁን በየስልካችን የሚመጣውን ቪዲዮ አስቡት። አንዱ ለአንዲት እናት ዳቦ ይሰጥና ካሜራውን ፊቷ ላይ ደቅኖ «ምን ተሰማሽ?» ይላታል። እሷ ከማመስገን ሌላ ምርጫ የላትም። መሸጥ ማለት ያ ነው።

ተዋናይ ያልሆነን ሰው እንዲህ ተጠቅሞ መተውስ?

ለዚህ ጥሩ መልስ የለኝም። «ኬስ» ላይ ርእሰ መምህሩ ልጆቹን በአርጩሜ መዳፋቸውን ሲመታ፣ ምቱ እውነት ነበር። ከመካከላቸው ትንሹ ያለቅሳል፤ እንባውም እውነት ነው። ትዕይንቱ ከማይረሱት አንዱ ነው። ልጄን አስይዤ እሰጣለሁ ወይ? አልሰጥም።

የማጆራኒ ነገር ደግሞ አለ። የሮሙ ፋብሪካ ሠራተኛ በ«ብስክሌት ሌቦች» ዓለም ሁሉ አወቀው። በተከፈለው ገንዘብ ለቤቱ አዲስ ዕቃ ገዛ፣ ቤተሰቡን ዕረፍት ወሰደ፣ ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሥራ ሲቀዘቅዝና ሰው መቀነስ ሲመጣ ቀድመው ከተሰናበቱት አንዱ እሱ ሆነ። ከፊልም ሚሊዮኖች አግኝቷል ተብሎ ነበር የሚወራው። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በሙሉ ትንንሽ የፊልም ሚና ሲጠይቅ ኖረ።